ሥራውን ስለሚለውጥ የሕግ ሰው

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዱ ከሆሳዕና የተላከ ነው። ጸሐፊው በዐቃቤ ሕግነት ሰባት ዓመት ያገለገሉ፣ የሁለት ልጆች አባት ናቸው። ባለቤታቸው በዱራሜ መምህርት ስለ ሆኑ ቤተሰቡ የሚገናኘው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። «ደመወዜና የቤቴ ወጪ አልመጣጠን ብለውኛል፤ ቁጠባም የለንም። ወደ ጥብቅና ልግባን ወይስ በአንድ ባንክ ነገረ ፈጅ ልሁን? ለቃል ፈተናውስ እንዴት ልዘጋጅ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና ዋና ከተማው ሆነች፤ የክልሉም መሥሪያ ቤቶች ዱራሜን ጨምሮ በልዩ ልዩ ከተሞች ተደለደሉ። ቀድሞ እስከ ሐዋሳ ያስኬድ የነበረው ጉዳይ ወደ ቅርብ በመምጣቱ፣ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች የሚኖሩ የሕግ ሰዎች ስለ ሥራቸው እንደገና ማሰብ ጀምረዋል። ስለዚህ መልሳችንን ለሁሉም እንዲሆን አድርገን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ የዐቃቤ ሕግ፣ የነገረ ፈጅና የጠበቃ ወንበር በአንድ ትምህርት የሚደረስባቸው ቢሆኑም አኗኗራቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ዐቃቤ ሕግና ነገረ ፈጅ ወር ጠብቀው ደመወዝ ይቀበላሉ። ጠበቃ ግን ደንበኛ ሲመጣ ያገኛል፤ ባይመጣም የጽሕፈት ቤቱን ኪራይ ይከፍላል። ደግሞም ጥብቅና ያለ ፈቃድ አይሠራም። በክልል ፍርድ ቤት የሚቆሙበት ፈቃድ ከክልሉ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆሙበትም ከፌዴራሉ መንግሥት ይገኛል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለ ፈቀደ፣ ጀማሪው ብቻውን ከመቆም ይልቅ ከነባሮች ጋር መጠጋት ይችላል። ሆኖም ፈቃዱ በእጅ ሳይገባ፣ የጥቂት ወራት ቀለብም ሳይቀመጥ ደመወዝን መልቀቅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውን ማድረግ ነው።

ሥራ ፈላጊው ማስታወቂያ በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች፣ በየመሥሪያ ቤቱም ሰሌዳ ላይ ይከታተል። የምዝገባው ጊዜ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ነው ወይስ በተከታታይ ቀን? ይህን አጥርቶ ያንብብ፤ በአንድ ቀን መዘግየት ብቻ የቀረ ሰው ብዙ ነው። የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃውን ዋናውንና ቅጂውን ያሰናዳ። በግል ድርጅት የሠራ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መብት ሰጥቶታል፤ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገለበትን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ከግል ድርጅት በሚቀርብ ማስረጃ ላይ ግብር መከፈሉን የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ስላሉ፣ ይህንም አስቀድሞ ማስጻፍ መልካም ነው።

ለቃል ፈተናው የሚዘጋጅ ሰው የሚገባበትን ቤት ሥራ ያጥና። ወደ ባንክ የሚሄድ ሁሉ፣ ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን የሰጠውን አዋጅ ቁጥር 97/1990 ማወቅ አለበት። ያገሩንም ኑሮ ያስብ። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ንብረታቸውንም በውክልና ያስተዳድራሉ። ስለዚህ ፈታኙ «አንድ ሰው ከወንድሙ የተላከለትን ጠቅላላ ውክልና ይዞ የወንድሙን ቤት ለብድር ሊያስይዝ ቢመጣ ምን ይላሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 እና 2205 እንደሚያስረዳው፣ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያሻል። ይህን በአጭሩ መልሶ «የውክልናውን ቃል ሳላነብ አስተያየት አልሰጥም» የሚል ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ ይታመናል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ፈተና የማይመስለው ነው። ሻይ ቀርቦ ጨዋታው ሲሞቅ ከፈታኞቹ አንዱ «ያ የመሬት ጉዳይ እናንተ ዘንድ እንዴት ሆነ? ከጀርባው ማን ነበረ?» ይላል። ሥራ ፈላጊው ዐዋቂ መስሎ ለመታየት ሲል አንድ ስም ቢጥል በዚያች ቅጽበት ወድቋል። የጠየቀው ሰው ለጊዜው ይሥቅለት ይሆናል፤ በልቡ ግን «ነገ የእኛንም ምሥጢር እንዲሁ ያወጣዋል» ይላል። እንደ ሆሳዕና፣ እንደ ሾኔ፣ እንደ ዱራሜና እንደ ሺንሺቾ ባሉ ከተሞች ደግሞ ባለጉዳዩ፣ ዳኛውና ጠበቃው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ለአንድ ለቅሶም በአንድ ድንኳን ይቀመጣሉ። ያመለጠ ቃል ከባለቤቱ ቤት ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሙያ ምሥጢር ማውጣትን ሲቀጣ፣ ጠበቃውን ከሃይማኖት አባትና ከሐኪም ጋር በአንድ መስመር ያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ትክክለኛው መልስ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያ የመዝገቡ ባለቤቶች ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። ይህን መልስ የጠላ ቀጣሪ ቢኖር፣ ከእርሱ ዘንድ አለመቀጠር ይሻላል።

«ለምን ይለቃሉ?» ለሚለው ጥያቄም እውነቱን በጨዋነት መናገር ይበቃል፤ የቀድሞውን አለቃ ማማት አያስፈልግም። የቤተሰብ ኑሮና የሙያ እድገት የሚያሳፍሩ ምክንያቶች አይደሉም። ስለ ደመወዝ ሲጠየቅ፣ ማስታወቂያው «በስምምነት» የሚል ከሆነ የቤቱን ወጪ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር አስልቶ ቁጥሩን ያለ ፍርሃት ይናገር። የሥራው ቦታ የት እንደ ሆነና ዝውውር መኖር አለመኖሩንም ይጠይቅ፤ አለዚያ አንዱን ችግር ሸሽቶ ሌላ ርቀት ይገጥመዋል።

አዲሱ ሥራ ከተገኘም በኋላ የአወጣጥ ነገር ይቀራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚተዳደር ሠራተኛ ሊለቅ ሲል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛና ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የየራሳቸውን ደንብ ይመለከታሉ። መዝገቦቹን ከነቀጠሯቸው በዝርዝር ጽፎ፣ አስፈርሞ ያስረክብ። ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ ያልነገረው አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ፣ ከሳሽ አልቀረበም ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ምንም የማያውቀው ባለጉዳይ ነው። ቀድሞ በዐቃቤ ሕግነት የያዘውን ጉዳይም በኋላ ጠበቃ ሆኖ ለተከሳሹ አይቁም።

ለጠያቂያችን የምንሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው፤ ቁጠባ ስለሌለና ልጆቹም ትንንሾች ስለ ሆኑ፣ አሁን ባሉበት ሥራ እየሠሩ ለባንኩ ይመዝገቡ። ከፈተናው በፊትም ከባለቤታቸው ጋር አንድ ማታ ተቀምጠው ወጪውን፣ መንገዱንና የልጆቹን ትምህርት በወረቀት ላይ ያስሉት። ጥብቅናው የትም አይሄድም፤ ቀለብ ሲጠራቀምና ፈቃድ ሲገኝ ይደረስበታል። እስከዚያው የሰባት ዓመት መልካም ስማቸውን ይዘው ይውጡ፤ ነገ ጽሕፈት ቤት ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ደንበኛ የሚያመጣላቸው እርሱ ነውና። እግዚአብሔር መንገዳቸውን ያቅናላቸው።