ስለ ብድር የሚታመን መካሪ

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። ምክር ለንጉሥ ይህን ያህል ካስፈለገ፥ አንድ ጥማድ በሬና ጥቂት ማሳ ብቻ ላለው ገበሬ እንዴት አብልጦ አያስፈልገው! ንጉሥ ቢሳሳት የሚያቃናለት ብዙ ሰው አለው፤ ገበሬ ግን በአንድ ብድር የተሳሳተ እንደሆነ በሬው ይሸጣል፤ በሬው ከተሸጠም ማሳው ጦም ያድራል።

በደባርቅና በዳባት፥ እንዲሁም በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች፥ የገበሬው ገንዘብ ወቅት አለው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፥ እህሉም በገበያ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ይበደራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱ ሲወቃ እህል ይረክሳል፤ ያን ጊዜ ክፈል ይባላል። በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ወለዱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ መጎዳቱ አይቀርም። በዚህም ላይ ውርጭ ባቄላውን ቢመታው፥ ወይም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና እንደ ሆነው ሁሉ ጦርነት ከደጅ ቢደርስ፥ ሰብሉ ይጠፋል እንጂ ዕዳው አይጠፋም።

ስለዚህ ገበሬው ከመበደሩ በፊት የሚያማክረው ሰው ይሻል። መካሪ ነኝ የሚለውም ጥቂት አይደለም፤ ደላላው አለ፥ ነጋዴው አለ፥ ማመልከቻ ጸሐፊው አለ፥ የብድር ቡድኑ ሰብሳቢ አለ፥ የቀበሌው የግብርና ሠራተኛም አለ። ከነዚህ ማን ይታመን የተባለ እንደሆነ፥ መልሱ በሰውየው ማዕርግ ወይም በአነጋገሩ ማማር አይገኝም። የሚገኘው፥ ብድሩ ቢወሰድ እርሱ ምን ይጠቀማል ብሎ በመመርመር ነው። ገንዘቡ በመሰጠቱ ድርሻ የሚያገኝ ሰው ሻጭ ነው እንጂ መካሪ አይደለም።

የዚህ ነገር ማስረጃ ከራሱ ከመንግሥት ሥራ ይገኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የክልል መንግሥታት ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ብድር ዋስ ሆነው ነበር። ማዳበሪያ ውሰድ ብሎ የሚመክረውም፥ ብድሩን የሚመዘግበውም፥ በመከር ጊዜ ዕዳውን የሚያስከፍለውም ብዙ ጊዜ ያው አንዱ የግብርና ሠራተኛ ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን መከሩ አምሮ የበቆሎ ዋጋ በአገሪቱ በወደቀ ጊዜ፥ በብድር የዘራው ገበሬ እህል በጎተራው እያለ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ያን ጊዜ የተጎዳው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የመካሪውም ቃል ተጎዳ። ትናንት ያበረታታው ሰው ዛሬ አስከፋይ ሆኖ በደጃፉ ሲቆም ያየ ገበሬ፥ ነገ ስለ ዘር እውነቱን ቢነግረው እንዴት ያምነዋል?

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ መምከርና ማስከፈል በአንድ ሰው እጅ አይሁን። የግብርና ሠራተኛ ሥራው በተሰጠው ብድር ብዛት የሚመዘን ከሆነ፥ አትበደር ብሎ ለመምከር አንደበቱ ይታሰራል። አትበደር ለማለት የማይችል መካሪም ተበደር ባለ ጊዜ ቃሉ ዋጋ የለውም።

ገበሬው ምክር ሲፈልግ ጊዜ ያልፍበትና ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ፥ በኋላም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ጸደይ ባንክ እስኪሆን ድረስ፥ ማስያዣ የሌለው ድኻ በቡድን ዋስትና እንዲበደር ማድረጉ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ፈቃድ ካለው አበዳሪም ዘንድ ቢሆን፥ ያለ ምክር የተወሰደ ብድር ተበዳሪውን ብቻ ሳይሆን ዋስ የሆኑትን ጎረቤቶቹንም ይዞ ይወድቃል።

የታመነ መካሪ የሚታወቅባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ገንዘቡ ሳይናገር ስለ ቤቱ ይጠይቃል። በሬው ስንት ነው? የቆየ ዕዳ አለ ወይ? ልጁ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወይም ወደ መተማ ይወርዳል ወይ? ገንዘብ በቤት የሚገባው በየትኛው ወር ነው? የመክፈያው ቀን ከዚህ ጋር የማይስማማ ሲሆን፥ ቀኑ ይለወጥ ወይም ብድሩ ይቅር ይላል። አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ብድር ክፈል ለማለት አይቸኩልም።

ሁለተኛ፤ ወለዱን በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በብር ቈጥሮ ያሳያል። 10,000 ብር በዓመት ከመቶ 15 ወለድ ተወስዶ በየወሩ በእኩል ዋና ገንዘብ የሚመለስ እንደሆነ፥ ወለዱ በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ሲታሰብ 1,500 ብር ይሆናል፤ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ግን 812 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። የወለዱ ስም አንድ ሆኖ ክፍያው እንዲህ ይለያያል።

ሦስተኛ፤ የውሉን ወረቀት ገበሬው የጣቱን አሻራ ከማድረጉ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል፥ ግልባጩም በእጁ እንዲቀር ያደርጋል። ዋሶች በምን ያህል እንደሚጠየቁ በፊታቸው ይነግራቸዋል።

አራተኛ፤ የአበዳሪውን ፈቃድ ይመረምራል። ባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋም ከሆነ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አበዳሪው የግል ሰው ሲሆን፥ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። በወር ከመቶ 10 ብር የሚያስከፍል አራጣ በዓመት 120 ብር ይሆናልና፥ ሕጉ ከፈቀደው ዐሥር እጥፍ ነው። አራጣ ማበደርም በ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

አምስተኛ፤ ከአበዳሪውም ከተበዳሪውም ብርም ቢሆን፥ ማርም ቢሆን፥ ሙክትም ቢሆን አይቀበልም።

እነዚህን አምስቱን የሚፈጽም ሰው በየቀበሌው ሊታጣ አይችልም። ምናልባት ሒሳብ የሚችል መምህር፥ ምናልባትም በእድሩ ዳኝነት የተመሰከረለት ሽማግሌ ይሆናል። ሹማምንቱ እንደዚህ ያለውን ሰው መርጠው፥ ብድር የማከፋፈልንም ሆነ ዕዳ የማስከፈልን ሥራ ሳይጭኑበት፥ ክረምት ሳይገባ በገበያ ቀን እንዲቀመጥ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት ነው። ዘንድሮ አትበደር ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ገበሬ በሚመጣው ዓመት በገዛ በሬዎቹ ሲያርስ ቢታይ፥ የምክሩ ጥቅም በዚያ ይታወቃል።