ለእኩዮቼ፦ ስሙን ብቻ አናውርስ

የተከበራችሁ እኩዮቼ፣ በፕላን፣ በገንዘብና በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጸጉራችሁ የሸበተ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ጡረታ ከወጣን በኋላም ልጆቻችን ምክር ፍለጋ በራችንን ያንኳኳሉ። ሰሞኑን ደጋግመው የሚያነሡት የኑሮ ደኅንነትን ያስቀደመ የኢኮኖሚ ፖሊሲንና በዚሁ ላይ የቆመውን የመንግሥታት ትብብር ነው። «እኛስ ለምን አንገባበትም?» ይላሉ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የሚያስፈራኝ አወሳሰዳችን ነው፤ ስለዚህ ሳይመሽ ልንገራችሁ።

የዕድገት አሃዝ ብቻውን ኑሮን እንደማይለካ ለእናንተ ማስረዳት አይገባኝም። ለአሜሪካ ኮንግረስ የብሔራዊ ገቢን ስሌት ያቀረበው ሳይመን ኩዝኔትስ ራሱ፣ የሕዝብን ደኅንነት ከዚህ ቁጥር መገመት እንደሚያስቸግር እ.ኤ.አ. በ1934 ጽፎ ነበር። በሰፈራችንም እናየዋለን፤ የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ቤተሰቡ በጋሪ የመጣ ጀሪካን ሲገዛ ግብይቱ ከምርት ይደመራል፤ አባቷን ለማስታመም ከትምህርት የቀረች ልጅ ድካም ግን የትም አይገባም።

ትብብሩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ፣ በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቾን ከተማ በተካሄደው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ጉባኤ ላይ ነው። ስኮትላንድ፣ አይስላንድና ኒውዚላንድ ጀመሩት፤ ዌልስና ፊንላንድ ተከተሉ። አይስላንድ 39 መለኪያዎች አወጣች። ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን ኒውዚላንድ ነበረች። በ2019 በጀቷ ሚኒስትሮች ገንዘብ ሲጠይቁ፣ የጠየቁት ገንዘብ ለተመረጡት የኑሮ ግቦች ምን እንደሚያበረክት እንዲያሳዩ ተገደዱ። የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን በጋራ አቀረቡ፤ ለአእምሮ ጤና 1.9 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ተመደበ። እያንዳንዱ ሚኒስቴር የራሱን በጀት አጥብቆ ይዞ ከጎረቤቱ ሲሻማ ለኖርን ለእኛ፣ ያ የጋራ ጥያቄ እንዴት ያለ ትልቅ ነገር እንደሆነ አይጠፋንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። የትብብሩ ፊት የነበሩት ሦስቱም መሪዎች ከሥልጣን ወረዱ፤ የኒውዚላንዷ ጃሲንዳ አርደርንና የስኮትላንዷ ኒኮላ ስተርጀን በ2023 መጀመሪያ፣ የአይስላንዷ ካትሪን ያኮብስዶቲር በ2024። በኒውዚላንድ በ2023 ምርጫ መንግሥት ተቀየረ፤ በተከታዩ ዓመት የወጣው በጀት «የኑሮ ደኅንነት» የሚለውን ስም ከሽፋኑ ላይ አነሣ። ይህ የሆነው ጠንካራ ሲቪል ሰርቪስና የቆየ ፓርላማ ባለበት አገር ነው። ትብብሩ የሚያስገድድ ውል የለውም፤ ልምድ ይለዋወጣሉ፣ ባለሙያዎቻቸው ይገናኛሉ፣ ይመካከራሉ። ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ መንግሥት ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ወንበር ማግኘትን እንደ ድል ቆጥረን ለልጆቻችን ከነገርናቸው፣ በጉባኤ ፎቶግራፍ ረክተው ይመለሳሉ።

ዌልስን ግን ለይታችሁ እዩልኝ። እርሷ ትብብሩ ከመመሥረቱ በፊት፣ በ2015፣ የመጪውን ትውልድ የኑሮ ደኅንነት የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። የመንግሥት አካላት ዛሬ የሚወስኑት ነገር ወደፊት የሚያመጣውን እንዲያስቡ ሕጉ ያስገድዳል፤ ይህን የሚከታተል ኮሚሽነርም አቆመ። ኒውፖርት አካባቢ አዲስ አውራ ጎዳና በረግረጋማው መሬት ላይ ሊሠራ ሲታሰብ፣ ኮሚሽነሯ ዕቅዱ ከሕጉ ጋር አይሄድም ብላ በአደባባይ ተቃወመች። በ2019 ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ማርክ ድሬክፎርድ ወጪውንና በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጠቅሰው ሰረዙት። ኮሚሽነሯ የማገድ ሥልጣን አልነበራትም፤ ሕጉም ጉድለት አለበት። ቢሆንም ገና ያልተወለዱት፣ በስማቸው የሚናገርና በደሞዝ የተቀጠረ ሰው አግኝተዋል። መሪ ቢቀየር ያ ወንበር የሚነሣው ፓርላማው ሕጉን ከሻረው ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ የቡታን ነገር ነው። ደስታ የልማት መለኪያ ይሁን የሚለውን ሐሳብ ለዓለም ያቀረበች እርሷ ናት፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2011 በእርሷ አነሣሽነት ውሳኔ አሳለፈ። ይህችው አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ100,000 የሚበልጡ ኔፓልኛ ተናጋሪዎቿን አገር አልባ አድርጋ አሰድዳለች። በምሥራቅ ኔፓል መጠለያ ጣቢያዎች ልጅ ወልደው አሳደጉ፤ ከ2007 ጀምሮም አብዛኞቹ ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተወሰዱ። መጠይቅ የያዘው ባለሙያ ቤት ለቤት ዞሮ የሰዉን ደስታ ሲመዘግብ፣ የተባረረው ሰው ቤት ናሙናው ውስጥ አልነበረም። የጥናቱ ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል። የተባረሩት ግን ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

መፈናቀልን በምናውቅበት አገር ይህን አቅልለን ማለፍ አንችልም። አማካይ ውጤት ምን ያህል ሰው ሊሰውር እንደሚችል ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ሠንጠረዡን ያዘጋጀነው እኛ ነንና። ልጆቻችን የመለኪያ ዝርዝር ይዘው ሲመጡ ማሞገስ ይቀለናል። መጠይቁ መጠለያ ጣቢያ ይደርስ እንደሆነ፣ ዝቅተኛ ውጤት የመጣበት ወረዳ በሚቀጥለው በጀት ምን እንደሚያገኝ፣ መንግሥት ሲቀየር ይህን የሚያስቀጥለው የትኛው አዋጅ እንደሆነ ሳንጠይቅ ግን አናሰናብታቸው። መልስ ካላገኘን ሰነዱን «መልካም ጅምር» ብለን አናጽድቅላቸው። የእኛ ስም ካረፈበት፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ተመርምሮ ያለፈ መስሎት ሳይጠይቅ ይቀበለዋል።