የአዝማሪ እግር ሥራ ፈት አይደለም

ወዳጄ፣ ነገርህ ገብቶኛል። «ማሲንቆ ተጫዋች በግራ እጁ አውታሩን ይይዛል፣ በቀኙ ደጋኑን ይስባል፣ በአፉ ይዘፍናል፤ ሥራ የፈታው እግሩ ብቻ ነውና የድምፅ መቆጣጠሪያ ፔዳል ስጡት» ነው የምትለኝ። ድምፅ ማጉያ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ሠርግ ከደረሰ ወዲያ ፔዳሉም መከተሉ እንደማይቀር አምናለሁ። ግን አዝማሪውን ከሙሽሮች ወደ ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎች ወደ ሚዜዎች የሚያዞረው፣ ከሚያወድሰው ሰው ፊት የሚያቆመው፣ ምቱንም የሚይዝለት እግሩ ነው። ገመድ አልባ ማይክ ቢያስሩለት እንኳ ለመርገጥ በፈለገ ቁጥር ወደ ፔዳሉ መመለስ አለበት። በዚያ ላይ ፔዳል ቄጠማ በተጎዘጎዘ መሬት ላይ ይንሸራተታል፣ ጠላ ቢፈስበት ይበላሻል፣ ባትሪው ሲደክም ማሲንቆውን ይዞት ዝም ይላል።

ይህ ሁሉ በብልሃት ይታለፋል እንበል። አንተ አብልጠህ የወደድከው ሉፐር ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዴ ሲረገጥ መቅዳት ይጀምራል፣ ሲደገም ይዘጋል፤ የተቀዳው ዜማ በዚያው ርዝመት ይዞራል። በችክችካ ስድስት ምት ውስጥ እግር በግማሽ ምት ቢዘገይ ስሕተቱ በየዙሩ ይመለሳል፤ ከበሮውና ጭብጨባው እያነከሱ ይከተሉታል። ይህስ በልምምድ ይታረማል። «ተቀበል!» ሲመጣ ግን ምን ይደረጋል? ከታዳሚው አንዱ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይሰማል፤ ሰጪው ቢያመነታ ይጠብቀዋል፣ ሰው ቢስቅ ሳቁን ያሳልፋል፣ ከዚያ ተቀብሎ ያዜማል። የዙሩን ርዝመት የሚወስነው ስንኝ ሰጪው ነው፤ ሉፐር ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«ታዲያ ሙላቱ አስታጥቄስ?» ትለኛለህ። ልክ ነህ፣ እሱ የሚጫወተው ቫይብራፎን ራሱ የእግር ፔዳል አለው፤ ሲረገጥ ብረቶቹ ያስተጋባሉ፣ ሲለቀቅ ይታፈናሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በተቀዱ ሙዚቃዎች ውስጥም የዋዋ ፔዳል ድምፅ አለ። እነዚህ ግን እጅን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ተጫዋቹ ሲያቆም ያቆማሉ። የእኔ ጠብ ሙዚቀኛውን ከሚያስከትለው ፔዳል ጋር ነው። ብቻውን ሆቴል መድረክ ላይ ለሚሠራ፣ ዘፈኑም አስቀድሞ ለተለካ፣ ለከበሮ መቺ የሚከፍለው ለሌለው ሉፐር ይጠቅመዋል፤ አልከራከርህም። ዳስ ውስጥ ግን የሚያጨበጭብ ሰው ሞልቷል።

ማዛቢያ (ዲስቶርሽን) ፔዳልም ለማሲንቆ አልመክርም፤ ቆዳ የለበሰው ሳጥን ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላልና ድምፁ በተጋነነ ቁጥር ማፏጨቱ ይብሳል። ለመንዝ ሰው አንድ ፔዳል ምረጥ ብትለኝ ድምፅ የሚዘጋውን እመርጣለሁ። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ጉምና እርጥበት ቆዳው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። አዝማሪው ለመቃኘት ከሚቆምበት ቦታ ፔዳሉ ቢቀመጥ፣ አንዴ ረግጦ ድምፁ በማጉያው ሳይወጣ ይቃኛል፣ ደግሞ ረግጦ ወደ ሙሽሮቹ ይመለሳል።