ጥቅል አንቆጥርም፤ ሜትር እንቆጥራለን

ሹራብ መሥራት የአያቶች ሥራ ነው ያለው ማነው? ይኸው እኛም መርፌና ኪሮሽ ይዘናል። የሠራነውን እንለብሳለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ሸጠን እንኖርበታለን። ስለዚህ የክር ነገር ለኛ የኪስ ጉዳይ ነው። ኪሳችንን ከሚያራቁቱት አንዱ ያ ቀለሙን እየቀያየረ የሚሄደው ክር ነው።

በዚህ ክር ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ «ንጹሕ ሱፍ ካልሆነ ሹራብ አይባልም» ይለናል። ሌላው «ዋናው መርከሱ ነው» ብሎ ያገኘውን ያፍሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል ባዮች ነን።

መጀመሪያ ለርካሽ ወዳጆች። ጥቅል መለኪያ አይደለም! ኩሬዮን የተሰኘው የጃፓኑ የኖሮ ክር 50 ግራም፣ 100 ሜትር ገደማ ነው። ካሮን ኬክስ የሚባለው 200 ግራም፣ 350 ሜትር። ሁለቱም ግን «አንድ ጥቅል» ይባላሉ። እንበልና የመጀመሪያው 300 ብር፣ ሁለተኛው 700 ብር ቢሸጡ ርካሹ የቱ ነው? የ300ው በሜትር 3 ብር፣ የ700ው 2 ብር ይወጣል። «ውዱ» ረከሰ! (ሂሳቡ የሚሠራው ውፍረታቸው ሲቀራረብ ነው ታዲያ።) ወረቀቱ ላይ ያለውን ሜትር ሳያነቡ ዋጋ መከራከር ልፋት ብቻ ነው።

ለሱፍ አምላኪዎች ደግሞ፦ ሱፍ ይሞቃል፤ ማን ካደ? ነገር ግን ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲታሽ ይኮማተራል፣ ይደድራል። በየቀኑ ለሚታጠብ የሕፃን ሹራብ ምን ይረባል? አክሪሊክ እጥበት ይችላል፤ ጠላቱ ካውያ ነው። ያ ካሮን ኬክስ ራሱ 80 በመቶው አክሪሊክ፣ 20 በመቶው ሱፍ ነው። ለሚለብሰው ሰው የሚስማማውን መምረጥ ድህነት አይደለም።

ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጥቅሉ ላይ ያማረው ቀለም ልብሱ ላይ እንደዚያው አይወጣም። አንድ ረድፍ ለመሥራት የስፋቱን ሦስት እጥፍ ያህል ክር ይሄዳል። ቀለሙ በየ6 ሜትሩ የሚቀየር ከሆነ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአንገት ልብስ ላይ በየ10 ረድፉ የሚያምር መስመር ይሰጣል። ዙሪያው 1 ሜትር የሆነ ሹራብ ላይ ግን በ2 ረድፍ ያልቃል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የሚቀየረውማ የትም ቢሠራ ዝንጉርጉር ነው። ስለዚህ ክሩን መዘዝ አድርጎ አንዱ ቀለም ስንት እንደሚዘልቅ ማየት ነው። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ገንዘቡ የኛ ነው።

ሙሉ ሹራብ ካማረንስ? አንድ ቀለም ቀያሪ ጥቅል ከርካሽ ነጠላ ቀለም ክር ጋር፣ ውፍረቱ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ሁለት ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ነው። ቀለም ቀያሪው እጥፍ መንገድ ይሄዳል፤ ወጪውም ይቀላል። ድር ቢያብር የሚያስረው አንበሳን ብቻ አይደለም፤ የሚያፈስ ኪስንም ያስራል።

ኮፍያ ሠርታ የምትሸጥ እህታችን ለቀናት ድካሟ የሚተርፋት ከክሩ ዋጋ የቀረው ነው። ክሩን በጥቅል ከገዛች ጉልበቷን በነፃ ሸጠች ማለት ነው። ይኼ ነው የሚያናድደን።