የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ዛሬ አውጡ

በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለምትኖሩ ወላጆች፦

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ከአገር ቤት ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት አንዲት ጎረቤቴ የበኩር ልጅዋን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ስትሄድ፣ አስተርጓሚ እንድሆናት ለምናኝ አብሬያት ሄድኩ። ከፓስፖርቷ ጋር በፌስታል ጠቅልላ ባሕር ያሻገረችውን፣ ከአራት የታጠፈውን፣ የጤና ጣቢያው ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበትን የክትባት ካርድ አውጥታ፣ እጥፋቱን በመዳፏ እያቃናች በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ነርሷ ጣቷን በኩፍኝ መስመር ላይ አሳርፋ 15/1/2013 የሚለውን አነበበች፤ ቀጥላም ፓስፖርቱን ገልጣ ልጁ የተወለደው ዲሴምበር 20 ቀን 2019 መሆኑን አየች። በእርሷ አነባበብ ልጁ የተከተበው ሊወለድ ሰባት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። በክፋት ሳይሆን በሥራዋ ግዴታ ካርዱን መለሰችላት። እናትየው ወደ እኔ ዞራ፣ «በጀርባዬ አዝዬ ያስከተብኩት እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ? ንገርልኝ እንጂ» አለችኝ።

መስከረም 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 25 ቀን 2020 መሆኑን አስረዳሁ፤ ነገር ግን የእኔ ቃል የሐኪም ፊርማ አይደለምና፣ ልጁ ቀጠሮ እስኪያገኝ እኩዮቹ ፊደል ሲቆጥሩ እርሱ ሁለት ሳምንት በመስኮት አሻግሮ የትምህርት ቤቱን ቢጫ አውቶቡስ ሲያይ ሰነበተ።

ቀኑ ቢቃናም እንኳ ሁሉም አይሟላም። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ሲሰጥ፣ በዚህ አገር ግን ከመጀመሪያው የልደት ቀን በፊት የተሰጠው አይቆጠርምና፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ጊዜ መከተብ ያስፈልጋል፤ የጆሮ ደግፍና የጉድፍ ክትባት ደግሞ በአገር ቤቱ ካርድ ላይ ብዙውን ጊዜ አይገኙም። በሕፃንነታቸው የወሰዱት የዘጊ አነዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ክትባት ይቆጠርላቸዋል፤ ሆኖም አራት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ማጠናከሪያ ይጠየቃል። በአፍ ጠብታ የወሰዱት የልጅነት ልምሻ ክትባት ግን በአብዛኛው አይቆጠርላቸውም። እናቶች «ልጄ ጨርሷል» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ የጨረሰው ግን የአገሩን ሥርዓት ነው።

የዚህን አገር የክትባት ሥርዓት ባዕዳን በእኛ ላይ የጫኑት ቀንበር አድርገን እንዳናየው እለምናለሁ። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአገራችን የተነቀለው፣ ከታቢዎቹ ደጋውንና ቆላውን በእግርና በበቅሎ አቋርጠው የሕዝቡን ክንድ በመከተባቸው ነው፤ ከእኛ መካከል የዚያን ዘመን ጠባሳ ዛሬም በክንዱ የተሸከመ ጥቂት አይደለም። ኩፍኝም ቢሆን የታመመው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት በአየር ላይ የሚቆይ፣ ያልተከተቡ አሥር ሰዎችን ቢያገኝ ዘጠኙን የሚይዝ ደዌ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ከምድሯ መጥፋቱን ካወጀች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በቴክሳስ ግዛት ሁለት ያልተከተቡ ለትምህርት የደረሱ ሕፃናትን ገድሏል።

ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከመግባቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የተደረገ ሙሉ የአካል ምርመራ ትጠይቃለች። ሜሪላንድ ለታናናሾቹ የደም ውስጥ እርሳስ ምርመራ ትጨምራለች፤ የክትባት ቀጠሮ መያዙን ላሳየ ወላጅም 20 ቀን ትታገሣለች። የዋሽንግተን ከተማ የጥርስ ምርመራ ቅጽም ትሻለች። ስለ ወጪው የምትጨነቁ ሁሉ ይህን እወቁ፦ ዕድሜው ከ19 ዓመት በታች ለሆነ፣ የጤና መድን ለሌለው ወይም ሜዲኬድ ለሚገባው ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው የፌዴራል መርሐ ግብር የክትባቱ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ነገር የሚያስፈራችሁም ብትኖሩ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የሕዝብ ትምህርት ቤት በዚህ ምክንያት ልጅን ሊመልስ አይችልም።

እንግዲህ ጥሪዬ ለወላጆች ብቻ አይደለም። በየደብሩ ለምታገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በየመስጊዱ ለምታስተምሩ ሼኮች፣ በየመረዳጃ ማኅበሩ ለምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች፦ ከአሁን ጀምሮ እስከ ነሐሴ መግቢያ፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ዕለት በአዳራሻችሁ አንዲት ጠረጴዛ ዘርጉ፤ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ቢቻል ደግሞ ከመካከላችን በነርስነት የምታገለግል አንዲት እኅት ይቀመጡባት። ወላጁ ካርዱን፣ የልጁን ፓስፖርትና የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ እነርሱም እያንዳንዱን ቀን መንዝረው በሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ ይጻፉለት። በካርዱ ላይ ግን አንዳች ነገር አትጻፉ፤ የተሠረዘና የተደለዘ ካርድ ጥርጣሬን ያመጣልና። ያ ወረቀት የሐኪሙን ሥራ ያቀልል እንደሆነ እንጂ ምስክር አይሆንም፤ የትምህርት ቤቱን ቅጽ የሚፈርመው ሐኪሙ ነው። ዘመዶቻችሁ ከአገር ቤት ለመምጣት በመሰናዳት ላይ ካሉ፣ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው እንዲይዙት፣ ጠፍቶም ከሆነ ልጁ ከተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አስገልብጠው እንዲያመጡ ዛሬውኑ ጻፉላቸው።

ቀጠሮውን ግን ጠረጴዛው እስኪዘረጋ አታቆዩት። በነሐሴ የሐኪም ቤቱ ወረፋ ይበዛልና ነገ ጠዋት ደውሉ፤ እንግሊዝኛው ቢያስቸግራችሁ «አምሃሪክ» ብቻ በሉና ስልኩን ሳትዘጉ ጠብቁ፤ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያገናኟችኋል።