«የመጨረሻዋን ሌሊት የት ልደር?»

ጥያቄ፦ ሥራዬ ዱባይ ነው። እረፍቴን ደሴ ጨርሼ ጠዋት ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ማታ ከቦሌ እበራለሁ። ቀኑ ካለፈ ሥራዬን አጣለሁ። ኮምቦልቻ ሆቴል ልደር ብል እናቴ አለቀሰች። ጨካኝ ነኝ?

መልስ፦ ምን ጭካኔ አለው እቴ! ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ሲወራ ቅርብ ነው። ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,900 ገደማ የሚወርድ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ነው። ክረምት ጉም ከወረደ ሾፌር በዳበሳ ነው የሚነዳው። ክልሉም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት ስለከረመ የሌሊት መንገድ እንደ ድሮው አይደለም።

ቲኬትሽንም እይው። ባንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ከኮምቦልቻው ስትቀሪ የዱባዩም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ለየብቻ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅሽም። በረራሽ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ኖሮ ደሴ እደሪ እልሽ ነበር።

እናትሽንስ? ይዘሻቸው ውረጂ! ቡናው ቀን ላይ እቤት ይፈላ፣ ጎረቤቱም ያኔ መርቆ ይሸኝሽ። ማታ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ያዢና እስኪነጋ አውሩ። «ሆቴል አላድርም» ካሉ (ማለታቸው አይቀርም!) ወንድም ወይ እህት ጨምሪ፤ ጠዋት ይመልሷቸዋል። ክፍሉን ስትይዥ ታዲያ ከሆቴሉ ኤርፖርት የሚያደርስ መኪና በሌሊት ይገኝ እንደሆን ጠይቂ።