እንከንና ስንጥቅ ይለዩ

በብረት ቀጥቃጮች ቤት ዕድሜ የጠገበ የሞተር መዶሻ ሲገኝ፥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ገጹን ነው። ዝጎና ተቦርቡሮ ከታየ፥ ሹሙ እንደ ውዳቂ ብረት በጨረታ እንዲሸጥ ያዛል፤ ነጋዴው ደግሞ ስቱኮ ሞልቶ፥ ቀለም ቀብቶ ለገበያ ያቀርበዋል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ይፈርዳሉና፥ የፊተኛው ፍርድ ሀብት ያጠፋል፤ የኋለኛው የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

የዕድሜ ብዛት ብቻውን ብረትን ከጥቅም ውጭ እንደማያደርገው የምጽዋና የአሥመራ የባቡር መንገድ ይመሰክራል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1911 አሥመራ የደረሰው ይህ መንገድ በጦርነት ምክንያት ተቋርጦ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነጻ ከወጣች በኋላ ግን ጡረታ የወጡ ሠራተኞች ጭምር ተሰባስበው ሐዲዱንና በ1930ዎቹ የተሠሩትን የእንፋሎት ባቡሮች በማደስ፥ በ2003 መንገዱን እንደገና እስከ አሥመራ አደረሱት።

የአሮጌ መዶሻ አካል ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ከሚፈስ ብረት፥ ይኸውም መካኒኮች ጊዛ ከሚሉት ነው። በሚፈስበት ጊዜ አሸዋና አየር በገጹ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ይተዋሉ። ይህ እንከን ከመኪናው ጋራ የተወለደ ነው፤ ፋብሪካዎችም ራሳቸው በመሙያ ደልድለው ቀለም ይቀቡት ነበር። ክፍሎች እርስ በርሳቸው በሚንሸራተቱበት ገጽ ላይ ካልሆነ በቀር ሥራ አያሰናክልም።

ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። ጊዛ ከላይ የሚጫነውን ክብደት ይችላል እንጂ መሳብንና መታጠፍን አይችልም፤ ስለዚህ መዶሻው በመታ ቁጥር ስንጥቁ ሊረዝም ይችላል። ምርመራው ውድ አይደለም፤ ቀለሙ የተፋቀውን ገጽ በነጭ ጋዝ አርሶ፥ ወልውሎ፥ ጠመኔ ቢቀቡት፥ ተሸሽጎ የቀረው ጋዝ ወጥቶ መስመሩን ያሳያል። የተገኘውንም ስንጥቅ ጫፉን በስቶ ማገድ፥ በብረት ሳህንና በብሎን ማሰር፥ ወይም በቀስታ አሙቆ በነሐስ በይዶ በአመድ ውስጥ ማቀዝቀዝ የባለሙያ ሥራ ነው። የችኮላ ብየዳ ሌላ ስንጥቅ ይወልዳል።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች አሮጌ መኪና ለጨረታ ከማውጣታቸው በፊት በባለሙያ እንዲያስመረምሩ፥ ነጋዴዎችም የተሞላውንና የተበየደውን ቦታ ለገዢው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ እናሳስባለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ቀለም የሸፈነው ስንጥቅም የሚገለጠው ሠራተኛው ከመዶሻው አጠገብ ቆሞ ሳለ ነው።